ሙጫን ለልክ ያስገዛው ሰው፦ የሊዮ ቤክላንድ የሕይወት ታሪክ

በዲፓርትመንታችን ስለ ኮምፖዚት ማቴሪያል ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀልባችንን የሚስበው ክሩ ነው። የመስታወት ክር ይሻላል ወይስ የካርቦን? ጥንካሬው ምን ያህል ነው? ዋጋውስ? እያልን እንከራከራለን። ክሩን ከክር የሚያያይዘው ሙጫ (ሬዚን) ግን እንደ ተራ ነገር ታልፎ ይቀራል። ሙጫው ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄማ ጭራሽ አይነሳም። እኔ ደግሞ ጉዳዩን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ባሳያችሁ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሰውየው የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ ፕላስቲክ ለዓለም ያበረከተው ሊዮ ቤክላንድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር ግልጽ እናድርግ። ክር መጠምጠም (ፊላመንት ዋይንዲንግ) በሚባለው የአሠራር ዘዴ ክሩ ሙጫ በያዘ ገንዳ ውስጥ ያልፍና በሚሽከረከር ቅርጽ (ማንድረል) ላይ እየተወጠረ ይጠመጠማል። ሙጫው ሲጠነክር ቅርጹ ከውስጥ ይወጣል። ቧንቧ፣ የውሃ ታንከርና የጋዝ ሲሊንደር በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ሙጫው ካነሰ ክሮቹ አይያያዙም፣ በመካከላቸው አየር ይቀራል፣ ቧንቧው ያፈሳል። ሙጫው ከበዛ ደግሞ ዕቃው ይከብዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ገንዘብም ያለ አግባብ ይፈስሳል።

ይኼ ነገር ለፎገራ ልጅ እንግዳ አይደለም። ወረታ አካባቢ ቤት ሲመረግ ያላየ ማን አለ? የሜዳው ዋልካ አፈር ብቻውን ቢለጠፍ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ገብቶበት በእግር ሲረገጥና ሲቦካ ግን ጭዱ ጭቃውን አንቆ ይይዘዋል። ጭዱ ያለ ልክ ከበዛ ደግሞ ጭቃው አይደርሰውምና ከግድግዳው ይረግፋል። ወደ ጣና ዳር ወረድ ስንል ደግሞ ሙጫ የሌለውን ክር እናገኛለን። ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ ደንገሉን የሚሸፍን ነገር ስለሌለ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ባለቤቱም ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ክር ብቻውን አይበቃም፣ ሙጫም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ልክ ነው ቁም ነገሩ።

የጫማ ሠሪው ልጅ

ሊዮ ሄንድሪክ ቤክላንድ ኖቬምበር 14 ቀን 1863 በቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሠሪ፣ እናቱ ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች። አባትየው ልጁ ቶሎ ከጎኑ ተቀምጦ ጫማ እንዲሰፋ ይፈልግ እንደነበር፣ እናትየው ግን ይማርልኝ ብላ እንደተሟገተች ይነገራል። የእናትየው ሐሳብ አሸነፈ። ልጁ በማታ ትምህርት ሳይቀር ኬሚስትሪና ፎቶግራፍ ተማረ፤ ከጌንት ከተማ ባገኘው የትምህርት ዕርዳታም ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ስለ ወጣትነቱ የሚወራ አንድ ነገር አለ። ፎቶግራፍ ለማንሳት የብር ናይትሬት ያስፈልገው ነበር፤ መግዣ ግን የለውም። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? የሰዓቱን የብር ሰንሰለት በአሲድ አሟሟና ብሩን ከመዳቡ ለይቶ የሚፈልገውን ኬሚካል ራሱ ሠራ። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ በ1884 ገና በ21 ዓመቱ በከፍተኛ ማዕረግ የዶክተርነት ዲግሪውን ቢይዝ አይገርምም። ቀጥሎ በብሩዥና በጌንት አስተማረ። በ1889 የፕሮፌሰሩን የቴዎዶር ስዋርትስን ልጅ ሴሊንን አገባ። በዚያው ዓመት ባገኘው የጉዞ ስኮላርሺፕ ኒው ዮርክ ሄደና እዚያው ቀረ።

ከአንድ በላይ አልይዝም

አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ በአንድ የፎቶግራፍ ዕቃዎች ድርጅት ተቀጠረ። በ1891 ግን ሥራውን ትቶ በግሉ የኬሚስትሪ አማካሪ ሆነ። ብዙ ዓይነት ፈጠራ በአንድ ጊዜ ጀመረ፤ አንዱም አልሰመረም። በዚህ ላይ ጠና ያለ ሕመም ያዘው፤ ገንዘቡ አለቀ፣ ዕዳም ገባ። አልጋ ላይ ተኝቶ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ የደረሰበት ውሳኔ የቀሪ ሕይወቱን መንገድ ቀየረው፤ ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ የሚል ነበር።

ያ አንድ ነገር የፎቶ ማተሚያ ወረቀት ሆነ። በጊዜው ፎቶ ለማተም የፀሐይ ብርሃን ያስፈልግ ነበር፤ ደመና ከሆነ ሥራ የለም ማለት ነው። ቤክላንድ በመብራት ብርሃን ሊታተም የሚችል ቬሎክስ የተባለ ወረቀት ሠራ። በ1893 ከሊዮናርድ ጃኮቢ ጋር በመሆን ኔፔራ የተባለውን ኩባንያ በዮንከርስ አቋቋመ። ገበያው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ነባሮቹ ባለሙያዎች በለመዱት መንገድ እየሠሩ ወረቀቱን አበላሹ፤ ጀማሪዎች ግን የአሠራር መመሪያውን በልኩ ስለተከተሉ ጥሩ ፎቶ ያወጡ ነበር። በ1899 የኮዳኩ ጆርጅ ኢስትማን ኩባንያውን በ750,000 ዶላር ገዛው። ለዚያን ዘመን ሀብት ማለት ይኼ ነው።

አሁን ቤክላንድ ገና 36 ዓመቱ ነው፤ ካሁን በኋላ ባይሠራም መኖር ይችላል። እሱ ግን በ1900 ወደ በርሊን ተጉዞ እንደገና ተማሪ ሆነ፤ በኤሌክትሮኬሚስትሪ ያለውን ዕውቀት አደሰ። ተመልሶም በዮንከርስ በሚገኘው ቤቱ ግቢ ላቦራቶሪ አዘጋጅቶ አዲስ ችግር መፈለግ ጀመረ።

የተጣለው ሙጫ

ችግሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪው እያደገ ነበር፤ ሽቦን ለመሸፈን ደግሞ ሼላክ የሚባል ሙጫ ይፈለግ ነበር። ሼላክ ላክ ከምትባል ትንሽ ነፍሳት የሚገኝ፣ በአብዛኛው ከሕንድ የሚመጣ ነገር ነው። ፍላጎቱ ሲጨምር ዋጋውም ጨመረ። ቤክላንድ ሼላክን የሚተካ ነገር በላቦራቶሪ ልሥራ ብሎ ተነሳ።

መነሻው ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ ነበሩ። የእነዚህ ኬሚካሎች ጉዳይ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር በ1872 ፌኖልን ከአልዲሃይድ ጋር ሲያዋህድ ዕቃ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚል ዝልግልግ ነገር አጋጥሞት ነበር። ባየር የሚፈልገው ንጹሕ ክሪስታል ስለነበር ነገሩን ተወው። ከእሱ በኋላ የሞከሩትም ቢሆኑ ሁለት ችግር ገጠማቸው። ውህዱን አጥብቀው ሲያሞቁት በአንዴ ይፈላና አረፋ የሞላበት ተሰባሪ ነገር ይሆናል፤ ቀስ ብለው ሲያሞቁት ደግሞ ለመጠንከር ዘመን ይፈጃል።

ልብ በሉ፣ ሙጫውን ያገኙት ሌሎች ናቸው። ቤክላንድ የጨመረው ሙጫውን መቆጣጠር ነው። ፌኖሉና ፎርማልዲሃይዱ በምን መጠን ይቀላቀሉ? አሲድ ይጨመር ወይስ ቤዝ? ምን ያህል? ሙቀቱስ? ግፊቱስ? እያለ ከረዳቱ ከናትናኤል ተርሎው ጋር አንድ በአንድ ፈተሸ። መጀመሪያ ኖቮላክ የተባለ ሼላክ መሰል ነገር አገኘ፤ ገበያ ላይ ግን እንደታሰበው አልሆነም።

ከእንጨቱ የወጣው

በ1907 ሐሳቡን ቀየር አደረገ። ለብቻው ሙጫ ከመሥራት ይልቅ ፈሳሹን እንጨት ውስጥ አስርጎ እዚያው ቢያጠነክረው እንጨቱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል ብሎ አሰበ። ይኼ እንግዲህ ከእኛ ርዕስ ጋር ቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ እንጨት ማለት ተፈጥሮ የሠራችው የክር ጥቅል ነውና። የእንጨት ቁርጥራጮችን በፈሳሹ ነክሮ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ለሰዓታት አሞቃቸው። እንጨቱ ላይ ያገኘው ውጤት ያን ያህል አላስደሰተውም፤ ሙጫው እንደታሰበው ሰርጎ አልያዘም። ከእንጨቱ ተንጠፍጥፎ የወጣው ፈሳሽ ግን ደርቆ ጠንካራ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራው ከሸፈ ብሎ ቱቦውን ያጥብ ነበር። ቤክላንድ ግን እንጨቱን ትቶ ፈሳሹን ብቻውን አሞቀ። ያገኘው ነገር የቱቦውን ቅርጽ ይዞ የጠነከረ፣ እሳት የማያቀልጠው፣ በተለመዱት ማሟሚያዎችም የማይሟሟ ሆነ። አረፋውን ለማፈን ብልሃቱ ግፊት ነበር። ሌሎቹ ሙቀቱን ሲፈሩ እሱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እያደረሰ፣ በታሸገ የብረት ድስት ውስጥ በግፊት አፍኖ አጠነከረው። ባክላይዘር የተባለው ድስት አንዱ ዛሬ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል። የሙቀትና ግፊት ፓተንቱን በጁላይ 1907 አመለከተ፤ በዲሴምበር 1909 ተሰጠው። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ግኝቱን በኒው ዮርክ ለኬሚስቶች በይፋ አቀረበ። ስሙንም ከራሱ ስም ወስዶ ባክላይት አለው።

ለእኛ ግን ከባክላይቱ በላይ የሚጠቅመን ሦስቱን ደረጃዎች መለየቱ ነው። በ ኤ ደረጃ ሙጫው ፈሳሽ ነው፣ በአልኮል ይሟሟል። በ ቢ ደረጃ በግማሽ ይጠነክራል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል። በ ሲ ደረጃ ግን አለቀለት፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ቤክላንድ ሙጫውን መሐል ላይ ማቆም ቻለ ማለት ነው። ጠላ ጠማቂ ጥንስሱን የምትጠብቅበትን ሰዓት እንደምታውቅ፣ እሱም ሙጫው የሚጠበቅበትንና የሚታተምበትን ሰዓት አወቀ።

ጨርቅ፣ ወረቀትና ጥምጥም

ጀነራል ባክላይት ኩባንያ በ1910 ተቋቋመ። ባክላይት ብቻውን ተሰባሪ ስለሆነ የእንጨት ዱቄት ወይም አስቤስቶስ እየተቀላቀለበት የስልክ እጀታ፣ የሬዲዮ አካል፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃና የድስት ጆሮ ተሠራበት። እቤታችሁ ጥቁር የሶኬት ክዳን ወይም የድሮ ስልክ ካለ የዚሁ ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም።

የቢ ደረጃ ጥቅም ይበልጥ የታየው ግን በወረቀትና በጨርቅ ላይ ነው። ወረቀቱ በአልኮል በቀጠነ ሙጫ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ይመዘናል። ምን ያህል ሙጫ እንደያዘ ገና ወደ ሥራ ሳይገባ ይታወቃል። ትርፉ ካለ ይስተካከላል፣ ጉድለትም ካለ ይደገማል። ከዚያ በኋላ በትኩስ ሮለር ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ለትራንስፎርመር መከላከያ የሚሆን ቱቦ ይወጣዋል። በፒትስበርግ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዳንኤል ኦኮነር ደግሞ በ1912 ገደማ በባክላይት የተቀባ ጨርቅ ዘንግ ላይ ጠመጠመ፤ ሳይጠነክር ቀድዶ ዘረጋውና በፕሬስ አስጨንቆ ጠንካራ ሰሌዳ አወጣ። በ1913 ከኸርበርት ፌበር ጋር ፎርማይካ የተባለውን ኩባንያ የመሠረቱት በዚህ ሐሳብ ነው።

ቤክላንድ ፓተንቱን ለማስከበር ከተፎካካሪዎቹ ጋር ለዓመታት ተሟገተ። በመጨረሻ ሁለቱ ዋነኛ ተፎካካሪዎች ከእሱ ጋር ተዋህደው በ1922 ባክላይት ኮርፖሬሽን ተፈጠረ። በ1924 የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ታይም መጽሔት ምስሉን በሽፋኑ አወጣ።

ዛሬስ ልኩ እንዴት ይጠበቃል?

የመስታወት ክር በ1930ዎቹ ለገበያ ሲቀርብና ፖሊስተርና ኤፖክሲ የተባሉት ሙጫዎች ሲከተሉ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ክር መጠምጠም ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ፖላሪስ የተባለው የባሕር ሰርጓጅ ሚሳይል የሞተር ቀፎ ሳይቀር በዚህ ዘዴ ተሠርቷል። በእኛም አካባቢ ቢሆን ባሕር ዳር የተቋቋመው የአማራ ፓይፕ ፋብሪካ ከመስታወት ክርና ከፖሊስተር ሙጫ ቧንቧ ለማምረት የተቋቋመ ነው። ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ ወሬ ብቻ አይደለም።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። 1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚሆን ኮምፖዚት ወስደን 60 በመቶው የመስታወት ክር፣ 40 በመቶው ኤፖክሲ ይሁን። የመስታወቱ እፍጋት 2.54፣ የኤፖክሲው 1.2 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ክሩ 1,524 ግራም፣ ሙጫው 480 ግራም፣ ድምሩ 2,004 ግራም ይሆናል። በክብደት ስንሄድ ሙጫው 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በይዘትና በክብደት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት የረሳ ሰው ሙጫ አዘዝኩ ብሎ ከሚገባው በላይ ያዝዛል። ክሩንም ያለ ገደብ ማብዛት አይቻልም፤ ክብ ክሮች እጅግ ተጠጋግተው ቢደረደሩ እንኳ ከ90.7 በመቶ በላይ ቦታ መሙላት አይችሉም። በተግባር ከ60 እስከ 65 በመቶ ከተገኘ ጥሩ ነው።

ክሩ በገንዳው ሲያልፍ ምን ያህል ሙጫ ይዞ እንደሚወጣ የሚወስኑት ብዙ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሙጫው ቅጥነት ነው፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ስለዚህ ጠዋት የተጠመጠመውና ፀሐይ ከበረታች በኋላ የተጠመጠመው አንድ ላይሆን ይችላል። ገንዳው ውስጥ ብዙ የቆየ ሙጫም መጠንከር ስለሚጀምር ይወፍራል፣ ክሩ ውስጥም በደንብ አይሰርግም። ሁለተኛው የክሩ ፍጥነትና ውጥረት ነው። በጣም የተወጠረ ክር ከሥሩ ያለውን ሙጫ እየጨመቀ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የውስጡ ንብርብር ደረቅ፣ የውጩ ደግሞ ሙጫ የሞላበት ይሆናል።

መቆጣጠሪያዎቹም አሉ። በአንዳንድ ማሽኖች ክሩ ገንዳው ውስጥ አይነከርም፤ በሙጫው ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ብቻ ያልፋል። ከበሮው ላይ ያለውን የሙጫ ንጣፍ ውፍረት ዶክተር ብሌድ የተባለ ስለት እየጠረገ ይወስነዋል። በሌሎቹ ደግሞ ክሩ በጠባብ ቀዳዳ ወይም በሁለት ሮለሮች መካከል ሲያልፍ ትርፉ ይጨመቃል። ከሁሉም አስተማማኙ ግን አስቀድሞ በሙጫ ተነክሮ ቢ ደረጃ ላይ የቆመ ክር (ፕሪፕረግ) መጠቀም ነው። ልኩ ቀድሞ ስለተወሰነ ጠምጣሚው የሚያስበው ስለ አጠማጠሙ ብቻ ነው። ቢ ደረጃ የሚለው አጠራር ዛሬ ለኤፖክሲም ጭምር ያገለግላል፤ መነሻው ግን የጫማ ሠሪው ልጅ ነው።

መጨረሻው

ቤክላንድ በስተርጅና ከሰው እየራቀ ሄደ። ፍሎሪዳ በሚገኘው ቤቱ ብዙ ጊዜ ያሳልፍ ነበር፤ ያ ሁሉ ሀብት እያለው ከቆርቆሮ የታሸገ ምግብ እንደሚበላ ይወራለት ነበር። በ1939 ኩባንያውን ለዩኒየን ካርባይድ ሸጠ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944 በኒው ዮርክ ግዛት ቢኮን በተባለች ከተማ በ80 ዓመቱ አረፈ። ሥራው ጥፋት የለውም ማለት አይደለም። ፎርማልዲሃይድና አስቤስቶስ ለጤና ጎጂ መሆናቸውን ዛሬ እናውቃለን፤ የማይቀልጥ ፕላስቲክም ቀልጦ እንደገና አይሠራም። ላብ ውስጥ ጓንትና አየር ማስወጫ የሚባለው ለወግ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳ።

ታዲያ ለእኛ ምን ይተርፈናል? ወረታ ላይ ከሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች የሚወጣው ገለባ ሜዳ ላይ ተከምሮ ይታያል። ከእሱ ችፑድ የመሰለ ሰሌዳ እንሥራ የሚል የመመረቂያ ፕሮጀክት ሐሳብ በተማሪው ዘንድ ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ መልካም ነው። ግን ገለባው ሲሊካና ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ሙጫ በቀላሉ አይዘውም። ሙጫው ደግሞ በውድ የሚገዛ ነገር ነው፤ ሰሌዳው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን የሚወስነው ገለባው ሳይሆን የሙጫው መጠን ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ እንበል። የመስታወት ክር ኮምፖዚት ሲሆን ናሙናውን መዝኖ በ565 ዲግሪ እቶን ውስጥ ማቃጠል ይቻላል፤ ሙጫው ይጠፋል፣ መስታወቱ ይቀራል፣ ልዩነቱ የሙጫው ክብደት ነው። የሩዝ ገለባ ግን ከሙጫው ጋር አብሮ ይቃጠላል። ከተሠራ በኋላ ልኩን እናውቃለን ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከመጠምጠሙ በፊት እንደሚመዘን ሁሉ፣ እኛም ገለባውን ከመነከሩ በፊትና ነክረን ካደረቅነው በኋላ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ ቁጥሩንም በደብተር መጻፍ ይኖርብናል። ፕሮጀክቱን የሚይዝ ጓደኛችን ከማንም በፊት የላቡን ሚዛን ቁልፍ ይጠይቅ።